ስሙን ልማዱ ይጠብቀዋል፤ ልቡን ማን ይጠብቅለት?

ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ደብረ ማርቆስ ከተማ 62,497 ነዋሪ ነበራት። ከነዚህ ውስጥ ሙስሊም መሆኑን የተናገረው 1.7 በመቶው ነው። ከመቶ ሰው ሁለት እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ሰፍታለች፣ ዩኒቨርሲቲዋም ከየክልሉ ብዙ ወጣት አምጥቶባታል፤ ነገሩ በመሠረቱ ግን ያው ነው። በጎጃም ደጋ ሙስሊም ሆኖ ማደግ በብዙ ጎረቤት መካከል ጥቂት ሆኖ ማደግ ነው።

ሃምሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ሙስሊሙ አንድ ነው፤ አንዳንዴም የለም። ሁዳዴ ሲገባ ከተማው አብሮ ይጾማል፤ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ከየምግብ ቤቱ የሚወጣው ሽታ ሳይቀር ይለወጣል። ረመዷን ሲገባ ግን ከተማው ልብ አይለውም። ጿሚው ወደ ሥራው የሚያልፈው ትኩስ ሻይና ፓስቲ በሚሸጥበት መንገድ ነው። ማንም ክፉ አስቦበት አይደለም፤ ቀኑ ለሌላው ሰው ተራ ቀን ስለሆነ ብቻ ነው።

እንዲህ ባለ ቦታ ሰው በዲኑ ላይ ጸንቶ የሚኖረው በምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ "በመለያችን" የሚል ነው። እርድ ለብቻ፣ ጋብቻ ለብቻ፣ መቃብር ለብቻ፣ ስም ለብቻ። አባት ለልጁ አስቀድሞ የሚያስተምረው ይህን እንደማይበላ፣ ያን እንደማይጠጣ ነው። ልጁ "ለምን?" ብሎ ከመጠየቁ በፊት "እኛ እስላም ነን" የሚለውን መልስ ያውቃል።

ይህ በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም። በብዙ የአገሪቱ ክፍል እንደሚደረገው፣ ክርስቲያኑ ጎረቤት ድግስ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዳው በጉን ከነነፍሱ ይሰጠዋል። ሙስሊሙ በገዛ እጁ አርዶ፣ ለብቻ በተሰናዳ ድስት አብስሎ ይበላል። ባለድግሱ የእንግዳውን ሃይማኖት ያከብራል፤ እንግዳውም በሰው ቤት ሆኖ የራሱን አይረሳም። በቁጥር እጅግ ያነሰ ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት ስሙን ሳይጥል የቆየው ከአላህ እገዛ ቀጥሎ በእንዲህ ያለው ልማድ ነው።

ነገር ግን መለያ አጥር ነው። አጥር ከብቱን ከጅብ ያስጥላል እንጂ ድርቆሽ አይሆነውም። ዕድሜውን ሙሉ ሙስሊም ያላረደውን ሥጋ ሳይቀምስ የኖረ ሰው ፈጅርን በወቅቱ ሳይሰግድ ሊኖር ይችላል። ጠላ በአፉ ያልዞረ ሰው ቀኑን ሙሉ በሐሜት ሲሰክር ሊውል ይችላል። ስሙ ሙሐመድ የሆነ ነጋዴ ሚዛኑ የጎደለ ሊሆን ይችላል። አጥሩ ሙሉ ነው፤ ውስጡ ያለው ግን ከስቷል።

ኢስቲቃማ የሚባለው ጽናት ከአጥሩ ወዲያ ያለ ነገር ነው። ሱፍያን ኢብን ዐብደላህ የተባሉት ሰሐባ፣ ሌላ ሰው መጠየቅ የማያስፈልጋቸውን አንድ ቃል እንዲነግሯቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በጠየቁ ጊዜ ያገኙት መልስ ሁለት ነገር ብቻ ነበረው፦ በአላህ ማመናቸውን እንዲናገሩና ከዚያ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ። በሱረቱ ፉሲለት 30ኛው አንቀጽም መላእክት የሚወርዱላቸውና ከፍርሃትና ከሐዘን የሚያረጋጓቸው ጌታቸው አላህ መሆኑን የተናገሩት፣ ከተናገሩም በኋላ የጸኑት ናቸው። መናገር አንድ ነው፤ መጽናት ሌላ። መለያው የሚጠብቀው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው።

ጎጃም ይህን ልዩነት በታሪኳ አይታዋለች። በ19ኛው መቶ ዘመን ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ በየጁቤ አጠገብ የሚቆመው የባሶ ገበያ ስሙ ሩቅ የተሰማ ነበር። ሙስሊም ነጋዴዎች ከዚያ ተነስተው ዓባይን ተሻግረው እስከ ሊሙ እናርያ ይዘልቁ ነበር። በክርስቲያኑ ደጋ ርስት የመያዝ መብት ስላልነበራቸው ኑሯቸው በአብዛኛው ንግድና ሽመና ነበር። እስልምና ወደ ጊቤ ነገሥታት አገር ሲገባ ከሰሜን የወረዱት ነጋዴዎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ይህ የሚያኮራ ታሪክ ነው።

ያ ገበያ ግን ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልነበረበትም። ሰውም ይሸጥበት ነበር። ከዚያ ንግድ ያተረፈው ሙስሊሙ ብቻ አይደለም፤ ቀረጥ የተቀበለው ገዥም፣ የገዛውም ክርስቲያን እጁ አለበት። ለሙስሊሙ ግን የራሱ ጥያቄ ይበቃዋል። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ፣ ነጻ ሰውን ሸጦ ዋጋውን የበላ ሰው በቂያማ ቀን ባላጋራው አላህ ራሱ እንደሚሆን ተነግሯል። ከዓባይ ማዶ ከቤታቸው ተነጥቀው የመጡትን ልጆች እየነዳ የተሻገረው ነጋዴ መለያውን አልጣለም። እርዱ ለብቻ ነበር፤ ሶላቱንም ሰግዶ ሊሆን ይችላል። አጥሩ አንድም ቀን አልተነቀነቀም። የጎደለው በአጥሩ ውስጥ ቆሞ "ዛሬ በእጄ ያለፈው ምንድን ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ልብ ነው።

ከዚያም መለያው ራሱ የተነጠቀበት ዘመን መጣ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። በወሎ እንደ ሼህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉት ዑለማዎች እምቢ ብለው ተነሱ፤ ብዙዎች ተሰደዱ፤ ሌሎች ደግሞ ቀን ክርስቲያን፣ ማታ እስላም ሆነው ኖሩ። በዚያ ዘመን ስም ይለወጣል፣ እርድ ይከለከላል፣ መስጂድ ይፈርሳል። የሚታየው ሁሉ ሲወሰድ ለሰውየው የሚቀረው በደረቱ የያዘው ቁርኣንና ማንም በማያይበት ሰዓት ከጌታው ጋር ያለው ነገር ብቻ ነው። ቀድሞ ያልያዘ ሰው በዚያች ሌሊት ከየት ያመጣዋል?

ጥቂት ሆኖ በክርስቲያን አገር መኖር ለሙስሊም አዲስ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ወደ ሐበሻ የመጡት ቁርኣን ገና ወርዶ ሳያልቅ ነው። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብና አብረዋቸው የነበሩት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) የተቀላቀሉት በሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኸይበር ጊዜ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ከነቢዩ ርቀው፣ የአንሷር ጎረቤት ሳይኖራቸው፣ አዲስ የወረደው አንቀጽ ዘግይቶ እየደረሳቸው ኖረዋል። ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ከሐበሻ ሲመለሱ በሶላት ውስጥ መነጋገር መከልከሉን እንኳ ገና አልሰሙም ነበር። በእጃቸው የነበረው ጥቂት ነው፤ ያንን ጥቂት ግን ይዘውታል። ጃዕፈር በነጃሺ ፊት ሲቆሙ ከሱረቱ መርየም የቀሩት ከመጽሐፍ ፈልገው ሳይሆን ከደረታቸው አውጥተው ነው።

ከነዚያ ስደተኞች መካከል አንድ ቤት አለ። በሲራ መጻሕፍት በስፋት እንደተተረከው፣ ዑበይዱላህ ኢብን ጀሕሽ ለዲኑ ሲል ከመካ ተሰዶ እዚህ አገር ገባ፤ እዚህ ከገባ በኋላ ግን እስልምናን ተወ። ባለቤቱ ኡሙ ሐቢባ ረምላ ቢንት አቢ ሱፍያን (ረ.ዐ) ጸኑ። ሁለቱም የተሰደዱት አንድ ስደት ነው፤ የኖሩት በአንድ አገርና በአንድ ጣራ ሥር ነው። አባቷ በዚያ ጊዜ የእስልምና ጠላቶች አለቃ ስለነበር ወደ መካ ብትመለስ የሚጠብቃት ምቾት ነበር። አካባቢ ብቻውን ሰውን የሚያጸና ወይም የሚጥል ቢሆን ኖሮ ሁለቱ አንድ ላይ በጸኑ፣ ወይም አንድ ላይ በወደቁ ነበር። በደብረ ማርቆስ፣ በሞጣ፣ በቢቸና ወይም በደጀን ላለ ሙስሊም ይህ ታሪክ ቅርቡ ነው። "ቦታው ነው ያደከመኝ" የሚለውን ምክንያት ያጠብበታል።

እንግዲህ ልብን የሚጠብቀው ምንድን ነው? አንደኛው ቁርኣን ነው፤ አወራረዱም የሚያስተምር ነገር አለው። በሱረቱል ፉርቃን 32ኛው አንቀጽ ከሓዲዎቹ ቁርኣን ለምን በአንድ ጊዜ እንዳልወረደ ጠይቀዋል። የተሰጠው ምክንያት የነቢዩን ልብ ለማጽናት የሚል ነው። ሃያ ሦስት ዓመት የፈጀው ለዚህ ነው፤ ልብ የሚጸናው በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ሲደርሰው ነው። በረመዷን ሁለት ጊዜ አኽትሞ እስከሚቀጥለው ረመዷን ሙስሐፉን ከመደርደሪያ የማያወርድ ሰው ይህን ምሥጢር አልያዘውም። በላጩ ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተናግረዋል። ቁርኣን ካልተጠበቀ ከታሰረ ግመል ይልቅ ፈጥኖ እንደሚያመልጥም አስጠንቅቀዋል። በደጋው ግመል የለም፤ በቅሎዋን ሳያስር ገበያ የገባ ሰው ሲመለስ የሚገጥመውን ግን ሁሉም ያውቃል።

"ዐረብኛ አላውቅም፣ ቂርኣቴም ደካማ ነው" የሚል አለ። ከመድረሳ ርቆ ላደገ ሰው ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ነገር ግን እየተንተባተበና እየተቸገረ የሚቀራ ሰው ሁለት ምንዳ እንዳለው በሐዲስ ተነግሮታል። ትርጉሙም ከእጁ አልራቀም። ሼህ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ያዘጋጁት የአማርኛ ትርጉም ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አማርኛ የሚያነብ የጎጃም ሙስሊም ከአምስት አንቀጽ በኋላ ቆም ብሎ "ይህ ለእኔ ምን ይላል?" ለማለት የሚከለክለው የለም። ቁርኣንን ማስተንተን ለዐሊም ብቻ የተተወ አይደለም። ብይን መስጠት የዐሊም ሥራ ነው፤ መገሠጽ ግን የሁሉም ነው።

ሌላም ነገር አለ። በዚህ ዘመን የብዙ ወጣት ዲን ያለው በስልኩ ውስጥ ነው። ዳዕዋው፣ ሙሓደራው፣ ቲላዋው፣ የሶላት ወቅቱ ሳይቀር ከስልክ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም እንደተቋረጠ ቆየ። መንገድ ተዘጋ፣ ሰው ከቤቱ መውጣት ፈራ። በዚያ ጊዜ ምርጥ ቃሪእ ሲከተል የከረመው ሰው በእጁ ባዶ መስታወት ቀረ፤ ጁዝ ዐምማን በቃሉ የያዘች እናት ግን ሶላቷም ዊርዷም አልተቋረጠባትም። ስልክ ጥሩ መምህር ሊሆን ይችላል። መምህሩ በሄደ ጊዜ የሚቀረው ግን ተማሪው ያጠናው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጠባቂ ሙሓሰባ ነው፤ ነፍስን መተሳሰብ። በሱረቱል ሐሽር 18ኛው አንቀጽ እያንዳንዷ ነፍስ ለነገ ያስቀደመችውን እንድትመለከት ታዛለች። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ሰዎች በአላህ ፊት ከመተሳሰባቸው በፊት ራሳቸውን እንዲተሳሰቡ ይመክሩ ነበር። ኢማም ገዛሊ ደግሞ በኢሕያእ መጽሐፋቸው ነገሩን በንግድ መስለውታል፦ ነጋዴ ከሸሪኩ ጋር ጠዋት ይዋዋላል፣ ቀኑን ይከታተለዋል፣ ማታ ሒሳቡን ይተሳሰበዋል፤ ሰውም ከነፍሱ ጋር እንዲሁ ያድርግ ይላሉ። ለጎጃም ሙስሊም ይህ ምሳሌ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ብዙው ነጋዴ ነው። ማታ ሱቁን ዘግቶ የቀኑን ሽያጭ ሳይቆጥር፣ ዱቤ የወሰደውን በደብተሩ ሳይጽፍ አይተኛም። ለጨው፣ ለዘይትና ለሳሙና በየማታው የሚደረገው ሒሳብ ለሶላት፣ ለምላስና ለሰው ሐቅ ለምን በዓመት አንድ ጊዜ ይሆናል?

ሒሳቡ ረጅም መሆን የለበትም። ዒሻን ሰግዶ ከመተኛቱ በፊት ሰው ሦስት ነገር ራሱን ቢጠይቅ ይበቃዋል። አንደኛ፣ ዛሬ ግዴታ ከሆነብኝ ምን ጎደለ? ሁለተኛ፣ ዛሬ በምላሴ ወይም በሚዛኔ የማን ሐቅ ነክቻለሁ? ሦስተኛ፣ ዛሬ ከቀራሁት የትኛውን አንቀጽ ሠራሁበት? ሦስተኛው ጥያቄ ቁርኣንንና ሙሓሰባን ያገናኛል። ቁርኣን የሌለው ሙሓሰባ መለኪያው የጎረቤት ዓይን ይሆናል፤ ሰውየው የሚያፍረው ሰው ባየው ብቻ ነው። ሙሓሰባ የሌለው ቁርኣን ደግሞ ድምፅ ሆኖ ይቀራል፤ ጆሮ ይወደዋል፣ እጅ ግን አይሰማውም።

ይህ ተስፋ ያስቆርጣል የሚሉ አሉ። ማታ ማታ ጉድለቱን ብቻ የሚቆጥር ሰው መጨረሻው "ለእኔ አይሆንም" ነው ይላሉ። ሥጋቱ ባዶ አይደለም። ነገር ግን ነጋዴ የሚቆጥረው ኪሳራውን ብቻ አይደለም፤ ትርፉንም ይቆጥራል። በጎውን አይቶ ማመስገን የሙሓሰባ ግማሹ ነው። ለጎደለው ደግሞ የተውበት በር ክፍት ነው፤ በሱረቱ ዙመር 53ኛው አንቀጽ በራሳቸው ላይ ድንበር ያለፉት ባሮች ከአላህ እዝነት ተስፋ እንዳይቆርጡ ተነግሯቸዋል። ሐንዞላ (ረ.ዐ) ከነቢዩ ዘንድ ሲሆኑ የነበራቸው ኢማን ቤታቸው ሲገቡ ስለሚቀዘቅዝባቸው ሙናፊቅ የሆኑ መስሏቸው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሯቸው ጊዜ ለዚህ፣ ጊዜ ለዚያ መሆኑን ነው። ከወሎ፣ ከጅማ ወይም ከስልጤ ተነስቶ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪም ይህን ማወቅ አለበት። በአገሩ አዛን ይቀሰቅሰው ነበር፤ እዚህ የሚቀሰቅሰው ራሱ ነው። መጀመሪያ የሚሰማው ቅዝቃዜ የኢማኑ መሞት አይደለም። ቀድሞ ከተማው ተሸክሞለት የነበረውን አሁን በራሱ ትከሻ እየለመደው ነው።

ጀመዓ አያስፈልግም የሚል ግን ይህን ነገር በተቃራኒው ተረድቶታል። ብቸኛ በግ ለተኩላ ቅርብ መሆኑ በሐዲስ የተነገረ ነው። ጥቂት በሆኑበት ቦታ ጁሙዓ ላይ መገናኘት፣ የታመመን መጠየቅ፣ ለልጆች አብሮ ኡስታዝ መቅጠር ከሌላው ቦታ ሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋል። ሆኖም ጀመዓ የሚጠነክረው እያንዳንዱ ከቤቱ ይዞት በሚመጣው ነው። ሃያ ባዶ እንስራ ቢሰበሰብ ውሃ አይሆንም።

ሙሓሰባ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በደል በደረሰ ጊዜ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ መስጂዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ነደዱ። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ሙስሊሞች ለተቃውሞ ወጡ፤ ለመልሶ ግንባታም ገንዘብ አዋጡ። ፍትሕ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ሙሓሰባ የተበዳዩን ሐቅ አይሰርዝም። የበዳይን ኃጢአት በተበዳይ ላይ መጫንም አይደለም። ግን በደል ሌላ ፈተና ይዞ ይመጣል። ሰውየው ቁጣውን ኢማን ይመስለዋል። ለመስጂዱ የጮኸ ሰው መስጂዱ ተሠርቶ ሲያልቅ በፈጅር ሶፍ ላይ ካልተገኘ ያዘነው ለምኑ ነበር? በሱረቱል ማኢዳ 8ኛው አንቀጽ የሰዎች ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያስወጣው አማኝ ታዟል። እሳት የለኮሰውን ሰው በሕግ መጠየቅና በግን ከነነፍሱ የሰጠውን ጎረቤት ከእሳት ለኳሹ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ይህን ልዩነት በቁጣ ሰዓት ማየት የሚችለው በሰላሙ ጊዜ ልቡን መመርመር የለመደ ሰው ብቻ ነው።

መለያው ይጠበቅ፤ አባቶች በስንት መከራ ያቆዩት ነው። ልጅ ግን ከሚከለከለው ነገር ጋር የሚወደውንም ነገር ይውረስ። "ይህን አንበላም" ከሚለው ጎን አባቱ ከፈጅር በኋላ ሙስሐፍ ዘርግቶ ሲቀመጥ ይየው። እናቱ የሰው ሐቅ ነክታ ከሆነ ማግስቱን በሩን አንኳኩታ "አውፍ በይኝ" ስትል ይስማት፤ ጎረቤቷ ክርስቲያን ብትሆንም። እንዲህ ያደገ ልጅ ነገ ለትምህርት ወይም ለሥራ ማንም ወደማያውቀው ከተማ ቢሄድ ጌታውን ይዞ ይሄዳል።

ለመጀመር ረመዷንን መጠበቅ አያስፈልግም። ዛሬ ማታ ሱቁ ከተዘጋ፣ የቀኑ ሽያጭ ከተቆጠረ በኋላ አምስት ደቂቃ ትበቃለች።

አላህ በጎጃም ደጋና በየትኛውም ቦታ በጥቂት ቁጥር ዲናቸውን ይዘው የሚኖሩትን ያጽናቸው። ቁርኣንን የልባቸው ብርሃን ያድርግላቸው። ለአገሪቱም ሰላም ያውርድላት። አሚን።